መልስ የማያጣው ሰውዬ

ሐኪም ቤት ተራ ስንጠብቅ አግዳሚው ላይ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ጥርሱን በክብሪት እንጨት እየጎረጎረ፣ ያወጣውን አየት ያደርግና መልሶ ይውጠዋል። በዚያው አፉ ደግሞ ይጠይቀናል።

“የሞንጎሊያ ዋና ከተማ?” መልስ አይጠብቅም። “ኡላንባታር! ልክ! የመጀመሪያውን የዓለም ዋንጫ የበላው? ኡራጓይ! ልክ! ምነው፣ አልተማራችሁም እንዴ?”

ምራቁ እጅጌዬ ላይ ይረጫል። ሸሚዙ ግን ተተኩሶ ቀጥ ብሏል፤ አንዲት መጨማደድ የለችበትም። የተኮሰችለት ሚስቱ መሆን አለባት። እሷ ከጎኑ ግራ እጇን በሻርፕ አንጠልጥላ ተቀምጣለች። ሰውዬው “ልክ!” እያለ እጁን ባነሳ ቁጥር አንገቷን ትከሻዋ ውስጥ ትቀብራለች።

“ኧረ ጋሼ፣ ታማለች እኮ፤ ለእሷ ሲሉ እንኳ ትንሽ ዝም ቢሉ?” አልኩት።

“ከክርን እስከ አንጓ ስንት አጥንት አለ?” አለኝ እየሳቀ። “ሁለት! ልክ!”

የራጁን ፎቶ የያዘች ነርስ ከክፍሉ ብቅ አለች። ፎቶውን አየች፣ ሴትዮዋን አየች፣ ከዚያ ዓይኗን እሱ ላይ ተከለች።

“እንዴት ነው የተሰበረችው?”

የክብሪት እንጨቱ ከከንፈሩ ወደቀ። ቀስ ብሎ ወደ ሚስቱ ዞረ።

“ይቺን እንኳ አንቺ መልሺ።”

ሴትዮዋ መሬት መሬቱን እያየች፣ በቃሏ እንዳጠናችው ሁሉ ሳትደናቀፍ፣ “ደረጃ አዳልጦኝ ነው፣ እህቴ” አለች።

“ልክ!” አለ ሰውዬው።