የቅልጥም ረገጣው ዳኛ

ኢኖክ ታንዲ ቁጥቋጦ እየጎነጎነ የማሳ አጥር የሚሠራ ዝምተኛ ሰው ነበር። ድምፁ የሚሰማው በዓመት አንድ ቀን፣ ከጰራቅሊጦስ በኋላ በእንግሊዝ አገር በኮትስዎልድ ኮረብታ ላይ በሚደረገው ጨዋታ ነው። ያን ቀን ዱላውን ይዞ የቅልጥም ረገጣውን ይዳኛል።

ሁለት ሰዎች ሱሪያቸው ውስጥ ገለባ ይጠቀጥቁና፣ ኮሌታ ለኮሌታ ተያይዘው በቦት ጫማ ቅልጥም ለቅልጥም ይራገጣሉ። ሁለት ጊዜ የጣለ ያሸንፋል። መውደቅ ብቻውን ግን አይቆጠርም። ተመትቶ፣ ጉልበቱ ከድቶት፣ ወዲያና ወዲህ ሲል የወደቀ ተንገዳግዷል፤ ለመቺው ይቆጠርለታል። ሳይነካ፣ የገዛ እግሩ ይዞት የወደቀ ግን ተደናቅፏል፤ ተነሥቶ እንደገና ይገጥማል።

«ፊቱን እዩት» ይል ነበር ኢኖክ። «የተንገዳገደ ሳይወድቅ በፊት ያመዋል። የተደናቀፈ መጀመሪያ ይገርመዋል።»

በዚያ ዓመት የገዛ ልጁ ጃቤዝ ከአንጥረኛው ከሲላስ ሃንክስ ጋር ገጠመ። አንድ አንድ ጊዜ ተጣጣሉ። የጃቤዝ ገለባ በደም ርሶ ከሱሪው ሥር ተንጠልጥሏል፤ በቁስሉ መካከል ነጭ ነገር ይታያል። ሲላስ እግሩን ሲሰነዝር ጃቤዝ ሸሸት አለ፤ ተረከዙ ጥንቸል የቆፈረችው ጉድጓድ ውስጥ ገባና በጀርባው ተዘረረ።

«ጣልኩት! አበቃ!» አለ ሲላስ።

የሲላስ ጫማ አልነካውም። ይህን በቅርብ ያየው ኢኖክ ብቻ ነው። ተንገዳገደ ቢል ልጁ ይሸነፋል፤ እግሩ ግን ይተርፋል።

«ጋሽ ኢኖክ፣ ልትዳኝ ነው ወይስ ልታዝለው?» አለ አንድ ሰካራም። ሕዝቡ ሳቀ።

«አባዬ፣ ያየኸውን በል» አለ ጃቤዝ ከመሬት።

«እግርህን አይተኸዋል?»

«እግሬን ለእኔ ተውልኝ።»

ኢኖክ ዱላውን ዝቅ አደረገ። «ተደናቅፏል። ተያያዙ።»

ሲላስ ተናዶ ነበር። በብረት የተለበጠው ጫማው ቀጥ ብሎ ቁስሉ ላይ አረፈ። አጥንቱ ቀጭ ሲል ታች ቢራ በርሜሉ ዘንድ የቆሙት ሳይቀሩ ሰሙ። ጃቤዝ አንዴ ወዲያ፣ አንዴ ወዲህ አለና ፊቱ ነጥቶ አባቱ እግር ሥር ወደቀ።

ኢኖክ ዱላውን እንደያዘ ልጁ ላይ ጎንበስ አለ።

«በል እንጂ አባዬ» አለ ጃቤዝ ጥርሱን ነክሶ። «ይኼኛው ተንገዳግጄ ነው።»

ኢኖክ ዱላውን ወደ አሸናፊው ወደ ሲላስ አነሣ። ከዚያም ጉልበቱ ላይ ለሁለት ሰበረውና፣ በልጁ እግር ግራና ቀኝ አድርጎ በአንገት ልብሱ አሰረው።