ይረፉ እማማ

ከአማርኛ ቃል ሁሉ አምርሬ የምጠላው «ይረፉ» የሚለውን ነው። ከማስተማር ሥራዬ ጡረታ በወጣሁ ማግስት ጀመሩኝ። ጎረቤቱም፣ የቤተ ክርስቲያን ሴቶችም፣ ፊደል ያስቆጠርኳቸውና ዛሬ ቢሮ የያዙትም፣ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ «እንግዲህ ይረፉ እማማ፣ ብዙ ደክመዋል» ይሉኛል። ደከመኝ ብዬ ለማን ተናገርኩ? ደግሞስ በአገራችን አረፉ የሚባለው ማን ነው? የሞተ ሰው አይደለም እንዴ? ቆሽቴን ያሳርሩኝ ነበር።

እኔ መሮጥ ጀመርኩ። ከተማችን ሆሳዕና ገና ከጉም ሳትወጣ ከቀሚሴ ሥር ሱሪ አድርጌ እወጣለሁ። መጀመሪያ ከቤታችን እስከ አስፋልቱ ደርሼ ትንፋሼ ቁርጥ ይል ነበር፤ እያደር ግን የገበያውን ዳገት ሳልቆም መውጣት ቻልኩ። የባጃጅ ሾፌሮች ይስቃሉ። ይሳቁ! ጥርሳቸው ሲደክመው ይተዋሉ አልኩና ቀጠልኩ። አልተዉም እንጂ።

ከእነሱ ይልቅ ያናደደኝ ባለቤቴ ነበር። «ምን ነካሽ? የእገሌ ሚስት አበደች እያሉኝ እኮ ነው!» ይላል። ከተማችን ውስጥ የሃያ አንድ ኪሎ ሜትር ሩጫ ሊደረግ ነው ሲባል ተመዘገብኩና አንድ ነገር ብቻ ለመንኩት። «መጨረሻው ላይ ቁምልኝ።»

«እኔ? ሰው ሲስቅብሽ ቆሜ ልመለከት ነው? አላደርገውም» አለኝ። «ቤቴ ቁጭ እላለሁ።»

እሱ ሲመረቅ ፀሐይ ላይ ቆሜ እልል ብያለሁ። ሹመት ሲያገኝ፣ ሲሸለም፣ ጡረታ ሲሸኙት፣ ሁልጊዜ ቆሜያለሁ። አንድም ቀን ሰው ምን ይላል አላልኩም። ሜዳሊያው ለኔ ቁራጭ ብረት ነው፤ የፈለግኩት ያ ሰውዬ አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ቆሞ እንዲጠብቀኝ ነበር። በሩጫው ጠዋት ጋዜጣውን ዘርግቶ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ወጣሁ።

ወጣቶቹ እንደ ተለቀቀ ጥጃ ፈረጠጡ። እኔ በራሴ እርምጃ ወደ ጃጁራ መውጫ ያዝኩ። ሲሄዱ ቁልቁለት ነው፣ ደስ ይላል፤ ሲመለሱ ያው ቁልቁለት ዳገት ሆኖ ይጠብቃል። አንዱ ባለባጃጅ ጎኔ ድረስ መጥቶ «እማማ ይግቡ፣ በነፃ ላድርስዎት!» አለኝ። «ሂድ ከፊቴ!» አልኩት። ቆጮ ተሸክመው ወደ ገበያ የሚሄዱ ሴቶች መንገድ ለቀቁልኝና አንዷ ደንግጣ በሀዲይኛ «እናቴ፣ ማን ሞቶብሽ ነው?» አለችኝ። አልፈረድኩባትም። የኔ ዕድሜ ሴት የምትሮጠው መርዶ ስትሰማ ነው። «ማንም አልሞተም! እየሮጥኩ ነው!» ብዬ በራሳችን ቋንቋ መለስኩላት፤ ከኋላዬ ግን ከንፈሯን ስትመጥ ሰማኋት።

መመለሻው ዳገት ላይ ጠጠር ጫማዬ ውስጥ ገባ። መንገዱ ዳር ከእንሰቱ አጥር ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ጫማዬን ማውለቅ ጀመርኩ። እዚያ የቆመው አስተባባሪ፣ ቢጫ ሰደርያ የለበሰ ጎልማሳ፣ ወዲያው ስልኩን አወጣ። የመጨረሻዋ ሯጭ የት ደረሰች እያሉ ከስታዲየም ይደውሉለት ነበር። ሰውየው በሀዲይኛ እያሰበ በአማርኛ የሚናገር ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ «እማማ ዳገቱ ላይ አርፈዋል!» አለ።

ደሜ ፈላ። «ማን አረፈ? ጠጠር ነው! ጠጠር ነው በላቸው!»

«ኔትወርኩ ተቆረጠ እማማ» አለኝ በትሕትና። «ግድ የለም፣ ይረፉ።»

ጫማዬን በወጉ ሳላስር ተነሳሁ። ያን ዳገት ያወጣኝ ጉልበቴ አልነበረም፣ ንዴቴ ነው። ይረፉ ያሉኝን ሁሉ አንድ በአንድ እያነሳሁ እየረገምኩ ወጣሁ። ከሁሉም ያንን ጋዜጣ አንባቢ።

የሰውየው ቃል የት እንደደረሰ ያወቅኩት በኋላ ነው። ስታዲየም ውስጥ ስልኩን የተቀበለው ሰው «እማማ አረፉ» ብሎ ለሰው ተናገረ። የትኛዋ እማማ ተብሎ አይጠየቅ፣ ሯጭ እማማ እኔ ብቻ ነኝ። እዚያ የነበረች የቤተ ክርስቲያናችን ሴት እየጮኸች ለባለቤቴ ደወለች። እድራችንም ድንኳን ለማውጣት የመጋዘን ቁልፍ ያዢውን እያፈላለገ ነበር።

ይህን ሳላውቅ የስታዲየሙን በር ገባሁ። ሙዚቃው ጠፍቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ለለቅሶ አዘቅዝቀው ቆመዋል። ምን ሆነው ነው እያልኩ መጨረሻው መስመር አጠገብ ስደርስ አንድ ሰው ከሕዝቡ መሀል ወጥቶ ተጠመጠመብኝ። ባለቤቴ ነው። አንድ እግሩ የቤት ነጠላ ጫማ አድርጓል፣ አንዱ ባዶ ነው። ጉልበቱ አቧራ ለብሷል፤ ወድቆ ነበር። ከቤታችን እስከዚያ ድረስ ሮጧል፣ ያ ሰው ምን ይላል የሚል ሰውዬ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በከተማው መሀል።

«አለሽ? አለሽ እንዴ?» ይላል፣ ፊቴን በእጁ እየዳሰሰ። «አርፋለች ብለውኝ እኮ ነው!»

ያኔ ገባኝ። ሌላ ሴት ብትሆን ታለቅስ ነበር። እኔ ግን የያዘኝ ንዴት ብቻ ነው።

«ልቀቀኝ!» አልኩት ሕዝቡ ሁሉ እየሰማ። «ለሬሳዬ ጊዜ ጫማህን ጥለህ ሮጥክ አይደል? በእግሬ ስመጣ ለመቆም አፈርክ!»

እንባው ጢሙ ላይ ይወርዳል። አዘንኩለት ብል እዋሻለሁ። መስመሩ ከፊቴ ነው፣ ገና አላለፍኩትም።

«እንግዲህ መጥተሃል» አልኩት። «ከመስመሩ ወዲያ ሂድና ቁም።»

ሄደ። በአንድ ጫማው እያነከሰ መስመሩን አልፎ ሄደና ፊቱን ወደኔ አዙሮ ቆመ። ሰው ይስቃል፣ ሰው ያለቅሳል፤ ማንንም አላየም። እኔም የቀረችኝን ሮጥኩ። እጁን ሲያጨበጭብ ብቻውን ነበር፣ ከዚያ ሌላው ተከተለው።

ሲቆምልኝ አየሁት፣ እሺ። ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሠላሳ ምናምን ዓመት አብሬው ኖሬ፣ እሱን አንድ ቀን ለማስቆም መሞት ነበረብኝ? ሰዎች ይህን ታሪክ እንደ ቀልድ ሲያወሩት እኔ አልስቅም።

መስመሩን እንዳለፍኩ ጎንበስ ብዬ ጉልበቴን ይዤ ስተነፍስ አጠገቤ መጣና ትከሻዬን ነካ አደረገኝ።

«በቃ አሁን እንግዲህ እረ…» ብሎ ጀመረ። ቀና ብዬ አየሁት። ቃሉን ዋጠው።

«ውሃ ላምጣልሽ?» አለኝ።