ከፈተና በኋላ የሚነገር መርዶ

የዛሬዋ እንግዳችን፣ የአእምሮ ሐኪሟ፣ «ከልጆች መርዶ አትደብቁ» ስትለን አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

ጉርድ ሾላ፣ የበጎ አድራጎት ክበባችን ስብሰባ ላይ ነበርን። ርዕሱ የወጣቶች ደህንነት ስለሆነ፣ እንደ ልማዳችን አዳራሹን የሞላነው ሽማግሌዎች ነን። እኔ ግን ጎረቤቴን፣ ከአክስቷ ጋር የምትኖረውን ሣራን ይዣት ሄጄ ነበር።

በሃምሳዎቹ አዳሪ ተማሪ ሳለሁ እናቴ እንጦጦ ላይ ሞተች። ፈተና እስክጨርስ ማንም ትንፍሽ አላለም። ቤት ስደርስ ራጉኤል ተቀብራ አርባዋ ወጥቷል።

አላለቀስኩም። እስከ ዛሬም አላለቀስኩም።

ሐኪሟ እንደጨረሰች ሰብሳቢያችን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ የሣራ አባት ሐዋሳ ላይ ጠዋት አርፈዋል። ሰኞ ማትሪክ ትፈተናለች፤ እስክትጨርስ እንዳትሰማ ብላለች አክስቷ» አለኝ።

እሺ አልኩ።

ወደ ሰፈራችን ወደ ወሰን ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ሣራ፣ «ጋሼ፣ ንግግሩ ደስ ይላል አይደል? ለአባዬ ደውዬ ልንገረው» አለች።

«አሁን ተይው፤ ከፈተናሽ በኋላ ትነግሪዋለሽ» አልኳት። ስናገር ምንም አልተሰማኝም።

ከፈተና በኋላ መርዶ የተነገራችሁ ካላችሁ እስቲ ጻፉልኝ። የደበቁባችሁን ሰዎች ይቅር አላችኋቸው?