የእትዬ ሙኒራ የሎሚ መፈቅፈቂያ

ባለፈው ቅዳሜ ሾላ ገበያ ሎሚ ስመርጥ፣ ሻጯ አንዱን አንስታ ልጣጩን በጥፍሯ ጫር አደረገችና አፍንጫዬ ሥር ደቀነችልኝ። «አሽትቺውማ፣ እናቴ» አለችኝ። ሽታው እትዬ ሙኒራን ይዞልኝ መጣ፤ የምገዛውን ረስቼ ቆሜ ቀረሁ።

እትዬ ሙኒራ በደርግ ጊዜ ከገበያው ጀርባ ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን ነበሩ። ቀጭን፣ ቁጡ፣ ሻሻቸው ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን የተንሸራተተ ሴት። ሰው ሎሚ ጨምቆ ልጣጩን ሲጥል ካዩ አለቀለት። «ዋናውን ጥላችሁ ውሃውን ትጠጣላችሁ!» ይላሉ። እሳቸው ልጣጩን ፈቅፍቀው ቡስኩት ውስጥ፣ ሩዝ ላይ፣ ሻይ ውስጥ ይጨምሩታል፤ የተረፈውን ሰፌድ ላይ አድርቀው በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ያስቀምጡታል። የሚያስል ልጅ ከተገኘ ያ ቆርቆሮ ይከፈታል። ለሳል እሱ፣ ለማቅለሽለሽ እሱ፣ ምግብ አልበላ ላለው ሰውም እሱ። እኔን ሳሉን የሚያስለቅቀኝ ልጣጩ ይሁን የሻዩ ሙቀት ዛሬም አላውቅም፤ ብቻ ይለቀኝ ነበር። ጾማችን ሲገባ ደግሞ ለእኛ ብለው ቡስኩቱን ያለ ቅቤና ያለ እንቁላል ይጋግሩልናል። ጾማችንን ከእናቴ በላይ ያውቁት ነበር ብል አልዋሸሁም።

መፈቅፈቂያውን የሠራላቸው አንድ ልጃቸው ጀማል ነው፤ የሰርዲን ቆርቆሮ ዘርግቶ፣ በምስማር በሳስቶ፣ ጣውላ ላይ መታላቸው። ወንድም ስላልነበረኝ ወንድሜ እሱ ነበር። አውቶቡስ ተሳፍሮ አራት ኪሎ ሳይደርስ የሚያስመልሰው፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚስቅበት ልጅ።

አንድ ቀን ስሙ ለብሔራዊ ውትድርና ከተጠሩት ጋር ቀበሌ ተለጠፈ። የተሰጠው ሦስት ቀን ነው። ስኳር በራሽን ነበርና ጎረቤቱ ከየቤቱ አንዳንድ ስኒ አዋጥቶ ለስንቁ ቡስኩት ይጋገርለት ተባለ። እትዬ ሙኒራ አሥር ሎሚና መፈቅፈቂያውን ሰጡኝ።

«ትርሲትዬ፣ ቢጫው ሲያልቅ አቁሚ። ነጩን እንዳትነኪ፣ ይመራል» አሉኝና ልብሱን ሊያጥፉ ገቡ።

ቢጫው ግን ያን ያህል አይወጣውም፤ የአሥሩ ሎሚ ተደምሮ እፍኜን አልሞላም። ለጀማል ይቺ ብቻ? አንጀቴ አልችል አለ። ጣቴ እስኪላጥ ፈቀፈቅሁ፤ ነጩም አብሮ ሄደ። እትዬ ሙኒራ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ስለነበር ሳያስተውሉ ከሊጡ ጋር አሹት።

ቡስኩቱ በስሎ ሲወጣ ሽታው ግቢውን አወደው። እሳቸው አንዱን ቆርሰው ቀመሱ። እኔን አዩኝ። ሌላ ስኳር የለም፣ ሌላ ቀንም የለም።

«ምነው?» አለቻቸው እናቴ።

«ሎሚው ነው፤ ዘንድሮ ገበያ የመጣው ሎሚ ክፉ ነው። ይሁን፣ መንገድ ላይ ሲያቅለሸልሸው ይበጀዋል» አሉ።

«እኔ ነኝ» ማለት አቃተኝ። ጀማል ቡስኩቱን ይዞ ሄደ፤ እኔም ጥፋቴን ሆዴ ውስጥ ይዤ ቀረሁ።

ከሁለት ወር በኋላ ደብዳቤ መጣ። እትዬ ሙኒራ መሠረተ ትምህርት ቢገቡም ፊደል እሺ አላላቸውም፤ አንባቢያቸው እኔ ነበርኩ። «እማዬ፣ ቡስኩቱ በጣም ይመራል። ጓደኞቼ ስንቃቸውን በሁለት ቀን ተሻምተው ጨረሱ፤ የኔን ግን ቀምሶ የደገመ የለም። አንድ አንድ እያልኩ ወር ሙሉ በላሁት» የሚለው ላይ ስደርስ ቶሎ ብዬ ወረቀቱን አጠፍኩ።

«ገና አንድ መስመር ይቀራል። ማንበብ ባልችል ማየት አያቅተኝም» አሉኝ።

አነበብኩት። «ልጣጩን የፈቀፈቀችው ትርሲት ናት አይደል? ሳሚልኝ።»

እኔ ማልቀስ ስጀምር እሳቸው ሳቁ፤ ሻሻቸው እስኪወድቅ ሳቁ። «ያኔውኑ አውቄያለሁ፣ የኔ ጅል» ብለው ሁለቱንም ጉንጬን ሳሙኝ።

ከዚያ በኋላ ሌላ ደብዳቤ አልመጣም። ጦርነቱ ሲያልቅ ብዙዎቹ በእግራቸው ተመለሱ፤ ጀማል አልተመለሰም። እትዬ ሙኒራ ግን በየዒዱ ለእንግዳ ከሚያቀርቡት ሌላ አንድ ትንሽ ቆርቆሮ ቡስኩት ለብቻ ይጋግሩ ነበር። አንድ ዒድ ሳያዩኝ ከዚያ አንዱን አንስቼ ቀመስኩ። ሬት ነው! ነጩን ራሳቸው ፈቅፍቀውታል። እስከ ፍርፋሪው ጨረስኩት።

ሲያርፉ ዘመዶቻቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አመጡልኝ፤ ለትርሲት ስጡልኝ ብለው ነበር አሉኝ። መፈቅፈቂያው ነው። ጠርዙ ዝጓል፣ ጥርሱ ግን አሁንም ይሠራል።

ያን ቅዳሜ አሥር ሎሚ ይዤ ቤቴ ገባሁ። ስፈቀፍቅ ልጄ ከጎኔ ቆማ ታየኛለች።

«እማ፣ ቢጫው አልቋል እኮ። ነጩን እየነካሽው ነው» አለችኝ።

«አውቃለሁ» አልኳት፤ አላቆምኩም።