የአባዬን መኪና ፍሬን ለማስቀየር ከቡራዩ መርካቶ

ሐሙስ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከቡራዩ ተነሳን። ተጓዦቹ እኔና አባዬ፣ ጉዳያችን ፍሬን። መኪናዋ ከእኔ በሁለት ዓመት ትበልጣለች፤ አባዬ ግን ዛሬም «ልጅቷ» ነው የሚላት።

ከሁለት ሳምንት በፊት እናቴን ከገበያ ሲመልስ ቁልቁለቱ ላይ አልቆም ብላው የአንዲት ቲማቲም ሻጭ መደብ ላይ ወጣ። ሰው አልተነካም፤ ከቲማቲሙ ግን የተረፈ የለም። ወንድሞቼ «ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው፣ መንዳት ይብቃው» አሉ። አባዬ «ጥፋቱ የፍሬኑ ነው» አለ። እኔም ከእሱ ጋር ወግኜ ተከራከርኩ። በመጨረሻ ፍሬኑ ተቀይሮ በደንብ ካቆማት ይነዳል፣ ካልሆነ ይተዋል ብለን ተስማማን። መንዳት ቢተው ምን እንደሚውጠው ሳስበው ሆዴ ይባባል።

መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ። በሁለተኛ ማርሽ እየተንፏቀቅን አስኮን አለፍን። ሚኒባሶቹ ከኋላ ጥሩምባቸውን ያምባርቁብናል፤ አባዬ ደግሞ እጁን በመስኮት አውጥቶ «እለፉ፣ እለፉ» ይላቸዋል፣ ሠርገኛ የሚያስተናግድ ይመስል። ፍሬኑ ሦስቴ ካልተረገጠ አይዝም። ጳውሎስ ስንደርስ ላቤ ሸሚዜን አርሶት ነበር።

ሦስት ሰዓት፣ አብነት

መካኒካችን ታደለ ይባላል፤ ጥቂት የሚናገር፣ ብዙ የሚያይ ሰው ነው። የፊት ጎማዎቹን ታምቡር፣ ያንን ከበሮ መሳይ ብረት፣ አውጥቶ በዲስክ እንደሚተካው ነገረን። ዕቃውን የምንገዛው ግን እኛው ነን። መርካቶ ደግሞ ያለ ናሙና አይኬድም። የቀኙን ፈታልን፤ አባዬ በጋዜጣ ጠቅልሎ እንደ ድፎ ዳቦ አቀፈው።

«መንገድ! መንገድ!» ከሚሉ ተሸካሚዎች እየሸሸን በጭድ ተራ በኩል አቋርጠን ሶማሌ ተራ ገባን። በር፣ መብራት፣ መሪ፣ ሁሉም ተፈትቶ ተሰቅሏል። ሐጂ ሸምሱ የተባሉ ነጋዴ በርጩማቸው ላይ እንደተቀመጡ ናሙናውን አገላብጠው አዩት።

«ይኼ የቀኙ ነው። የግራውስ?»

«ያው ነው፣ ሐጂ። አንድ ዓይነት ነው» አለ አባዬ።

«ጋሼ፣ ያረጀ መኪና ግራና ቀኙ አንድ አይሆንም። እኔ ደሞ ፍሬን በግምት አልሸጥም። የግራውንም ያሳዩኝ።»

ከጎን ያለው ሻጭ «እህቴ፣ እኔ ጋ አለልሽ፣ ነይ!» እያለ ይጣራል። ፀሐዩ ከሮ ነበርና ልቤ ወደሱ አደላ። ሐጂ ግን ገበያቸውን ገፍተው የመለሱን ለእኛ ብለው ነው ብዬ እያጉረመረምኩ ከአባዬ ጋር ወደ አብነት ተመለስኩ።

ታደለ የግራውን ሲፈታ የፍሬኑ ሸራ ከቀኙ በአንድ ጣት ጠበበ። ታምቡሩም የሌላ መኪና ነው።

«ያኔ ዕቃ አልነበረም» አለ አባዬ አንገቱን እያሻሸ። «ራሴ ነኝ ያስገጠምኩት።»

በዚህ ፍሬን ስንት ዓመት ይዞን እንደዞረ ሳስብ ተናደድኩ። ደስም አለኝ፤ ለወንድሞቼ የማሳየው ማስረጃ ተገኘ።

ሰባት ሰዓት፣ ሶማሌ ተራ

ስንመለስ ሐጂ ለሶላት ወጥተዋል። ሱቁ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ በሩ ላይ በርጩማ ተጋድሟል፣ በቃ። ያንን አልፎ እጁን የሚሰድ የለም። እኛም በመቶ ሃምሳ ብር ሽሮ ለሁለት በልተን ጠበቅናቸው። ከአንድ መኪና የተፈታ ጥንድ ዲስክ ከነካሊፐሩ፣ ዲስኩን ጨብጦ ከሚያቆመው ብረት ጋር፣ አወጡልን። አርባ ሁለት ሺህ ብለው ሠላሳ ስምንት ላይ ቆሙ።

«አሁን እንደ ሰው ትቆማለች» አሉ ሲሰናበቱን።

አሥር ሰዓት ተኩል፣ ጋራዡ ጀርባ

ታደለ ገጥሞ፣ ዘይቱን ሞልቶ፣ አየሩን አውጥቶ ራሱ ሞከራት። ባለችበት ቀጥ! ከዚያ የአባዬ ተራ ሆነ። ታደለ አሮጌ ጎማ መሬት ላይ አስቀምጦ «ጋሼ፣ እጄን ሳነሳ ይርገጡ፤ ጎማው ጋ ሳትደርስ ትቁም» አለው። እኔ ከአባዬ ጎን ተቀመጥኩ።

እጁ ተነሳ። መኪናዋ ጎማውን ድጣ ቆመች።

«ደህና ይዟል» አለ ታደለ፣ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ።

«እንደገና» አለ አባዬ። ጎማውን እንደገና ዳጠው። በሦስተኛውም ያው። ሞተሩን አጠፋ። እኔ ፔዳሉ አዲስ ስለሆነበት ነው፣ ጫማው ያዳልጠዋል፣ የማልለው አልነበረም።

«ተይ፣ ልጄ» አለኝ። «እጁን ሲያነሳ በደንብ አይቻለሁ። እግሬ ነው የዘገየው። የቲማቲሙም ጊዜ እንዲሁ ነበር።»

ወርዶ፣ በፊት ለፊት ዞሮ፣ የእኔን በር ከፈተልኝ።

ወደ ቡራዩ

ስንመለስ መኪናዋ በአንድ መርገጥ ትቆማለች። አባዬ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ መንገዱ ቁፋሮ ያወራል። ከዚህ ጉዞ የተማርኩትን ለመጻፍ ከብዶኛል፦ ለእሱ የተከራከርኩ መስሎኝ እውነቱን ብቻውን እንዲሸከም ትቼው ነበር። ጥፋቱ የእግሩ ከሚሆን ፍሬኑ ባይሠራ ብዬም ተመኝቻለሁ።

እናቴ በሩን ከፍታ «ተሠራ?» አለች።

«ተሠርቷል። ከእንግዲህ ልጅሽ ነች የምትነዳው» አላትና ገባ። እኔ መሪውን እንደያዝኩ ቀረሁ። መንገዱን ሙሉ፣ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር፣ ቀኝ እግሩ ከጎኔ ባዶውን ምንጣፍ ሲረግጥ ነበር። ሁልጊዜም ከእኔ ትንሽ ዘግይቶ።