ስለ ፕላስቲክ ሽጉጥ የሸመገልኩ ዕለት

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ነው። ለጋብቻ ሽማግሌ ሆኜ ስላክ የመጀመሪያዬ አልነበረም። ከዚያ በፊት ስድስት ጊዜ ተልኬ ስድስቱንም አሳክቻለሁ። ሰባተኛውን ግን በገዛ አፌ ገደል ልከተው ምንም አልቀረኝም ነበር። ዛሬም ትዝ ሲለኝ መጀመሪያ ፊቴ ይግላል፣ ቀጥሎ ሳቄ ይመጣል።

የምኖረው ጄኔቫ፣ ሰርቬት ሰፈር ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ፓኪ የሚባል ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነበርኩ። ሠላሳ ዓመት እንግዳ ሲቀበል የኖረ ሰው ዝምታ የሚባል ነገር አይሆንለትም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ እንዳትፈርዱብኝ ነው።

ሊያገባ የፈለገው ልጅ ዮናስ ይባላል። እናቱ እቴነሽ ዲፕሎማት ቤት ተቀጥራ እየሠራች ብቻዋን ነው ያሳደገችው። እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ አሳንሰር የሚጠግን፣ ጨዋ ልጅ ነው። የወደዳት ልጅ ሜላት ከወላጆቿ ጋር ዙሪክ ትኖራለች። እቴነሽ "ጋሽ ተሾመ፣ እርስዎ ካልሄዱልኝ ማን ይሄድልኛል?" ብላ ለመነችኝ። ልመናም አያስፈልገኝም ነበር፤ ሽምግልና እወዳለሁ።

አንድ ደንብ ግን አለኝ። ሽማግሌ ማለት ዋስ ነው። ስለዚህ ሰው ደጅ ከመቆሜ በፊት ልጁን ራሴ እመረምረዋለሁ። ዮናስን ካፌ ወስጄ "መጠጥ? ቁማር? የተደበቀ ልጅ?" እያልኩ አፋጠጥኩት። እሱ ቡናውን ይጠጣል። አመልካች ጣቱን ከስኒው ጎን ቀጥ አድርጎ ዘርግቶታል። የፈረንጅ ወግ መስሎኝ በሆዴ ሳቅኩ።

"ጋሼ፣ እሱ ሁሉ የለም። ግን አንድ ፒስቶሌ አለኝ።"

"ምን አለህ?"

"ሽጉጥ። ለክለብ ነው፣ ለስፖርት። ሌጋል ነው፣ ፔርሚ፣ ማለት ፈቃድ አለኝ።"

ቡናው ትን አለኝ። በእኔ ዕድሜ ላለ የአዲስ አበባ ሰው ሽጉጥ የስፖርት ዕቃ አይደለም። ሽጉጥ ማለት የካድሬ ወገብ ነው። እዚህ አገር ይሄን ያህል ዓመት ኖሬ እንኳ፣ ወታደር መሣሪያውን አጠገቡ አቁሞ ባቡር ውስጥ ሳንድዊች ሲገምጥ ካየሁ ወንበር እቀይራለሁ።

"የማላውቀውን ነገር አልዋስም" አልኩት። "ወስደህ አሳየኝ።"

ቅዳሜ ክለቡ ወሰደኝ። አሠልጣኟ ዳቦ ሲጋግሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ማዳም ናቸው። የእንጨት ማስመሪያ ከእጃቸው አይለይም። ጠረጴዛ ላይ ያለችውን የዮናስን ሽጉጥ ሳይ ፍርሃቴ ሁሉ ጠፋ። ላይዋ ብቻ ብረት ነው፤ የቀረው ጥቁር ፕላስቲክ! "ይህቺንማ ለልጅ ልጄ መጫወቻ ልገዛለት እችላለሁ" አልኩ።

ማዳም በዚህ ቀልድ አልሳቁም። ዞር ብዬ እንዳይ አዘዙኝ። እዚያ ከነበሩት ዘጠኝ ሰዎች ስድስቱ የያዙት እሷኑ ዓይነት ነበር። ስሟን አልጠራም፣ ማስታወቂያ ይሆንብኛል።

"ለምን ሁሉም እሷን?" አልኩ። ሁሉም ተራ በተራ ይነግሩኝ ጀመር። ቀላል ስለሆነች ክንድ አታዝልም። ላብና ዝናብ አያዝጋትም። በክረምት እንደ ብረቷ በቅዝቃዜ እጅ አታቃጥልም። ክፍሎቿ ጥቂት ናቸው፤ ፈትቶ ለማጽዳት ቡና እስኪፈላ አይፈጅም። ፖሊስ ይታጠቃታል፣ ስለዚህ ሌላውም ያምናታል። ሁሉም ስላላት መለዋወጫዋ የትም አለ፤ መለዋወጫዋ የትም ስላለ ሁሉም ይገዛታል። ይሄኔ የድሮዋ የአዲስ አበባ ሰማያዊ ታክሲ ትዝ አለችኝ። እሷንም ሰው የገዛት ስለምታምር አልነበረም። በየሰፈሩ የሚፈታት መካኒክ ስላለ ነው።

ማዳም ዋናውን ምክንያት መጨረሻ ላይ ነገሩኝ። የድሮ ሽጉጥ ከጎኑ በአውራ ጣት የምትገፋ ትንሽ መቆለፊያ አለችው፤ ሰው ሲደነግጥ ይረሳታል። ይህቺ ጥበቃዋ ውስጧ ነው። ብትወድቅ አትተኩስም። ቃታዋ ሲሳብ ግን ያው ትተኩሳለች። "የሚረሳ ነገር የላትም" አሉ፣ ማስመሪያቸውን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ እያደረጉ። ይህቺን አባባል በጣም ወደድኳት። ከዚያ ስወጣ ሽጉጥ ነጋዴ ሆኛለሁ ማለት ይቻላል።

ዙሪክ የሄድነው በሚቀጥለው እሑድ ነው። ሦስተኛው ሽማግሌ ጉንፋን ይዞት ስለቀረ እኔና ጋሽ ታፈሰ ብቻ ሆንን። ጋሽ ታፈሰ የድሮ አስተማሪ ነው፤ ጉልበቱን ያመዋል፣ ቃል ይቆጥባል። ባቡር ላይ ስለ ሽጉጡ ነገርኩት።

"በል እዚያ ቤት ትንፍሽ እንዳትል" አለኝ። "ዝም አይነቅዝም።"

"እሺ" አልኩ። ከልቤም ነበር።

ዮናስ አብሮን መጥቷል። የልጅቷ ወላጆች ሰፈር ሽዋመንዲንገን ስንደርስ ግን፣ ሽማግሌ ሲገባ ልጁ ስለማይገባ፣ ትራም ፌርማታው ላይ ትተነው ሄድን። ከረባቱን ስምንት ጊዜ አስተካክሏል።

የሜላት አባት አቶ ገብረየስ ትራም ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ እርጋታቸው የሚያስፈራ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘነበች "ኧረ ቁጭ በሉ" ሲሉን፣ እንደ ደንቡ "እሺ ሳንባል አንቀመጥም" ብለን ቆምን። የጋሽ ታፈሰ ጉልበት ወዲያው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

መጀመሪያ ሁሉም ነገር መንገዱን ይዞ ነበር። ሃይማኖቱን ጠየቁን፤ ክርስትና የተነሣበትን ቤተ ክርስቲያን ሳይቀር ተናገርን። ዘሩን ጠየቁን፤ እስከ ሰባት ቤት ቆጠርን። ሥራውን ጠየቁን፤ አመሰገንን። አቶ ገብረየስ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙን። ከዚያ እንዲያው ለጨዋታ ያህል፣

"በትርፍ ጊዜውስ ምን ያደርጋል?" አሉ።

ጋሽ ታፈሰ "ስፖርት" አለ። እዚያ ላይ ማብቃት ይቻል ነበር።

"የምን ስፖርት?"

ጋሽ ታፈሰ እንደ ማሳል አለ። እኔ ግን የሰውየውን ልጅ እየለመንኩ ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ መዋሸት አልቻልኩም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ "ተኩስ" አልኩ። "ሽጉጥ አለው።"

ወይዘሮ ዘነበች አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። አቶ ገብረየስ ግን ጸጥ ብለው "ምን ዓይነት ሽጉጥ?" ሲሉ ጊዜ ደስ አለኝ። ፈተናው የወጣው ካጠናሁት ምዕራፍ ነዋ! ቀላል መሆኗን፣ አለመዛጓን፣ ፖሊስ የሚታጠቃት መሆኗን፣ መለዋወጫዋን፣ የታክሲዋን ነገር ሳይቀር ዘረዘርኩ። መጨረሻ ላይ በማዳም ማስመሪያ ፈንታ ጣቴን እየነቀነቅኩ፣

"ከሁሉም በላይ ደግሞ መቆለፊያ እየገፉ ጊዜ ማባከን የለም። የሚረሳ ነገር የላትም! ቃታውን ሳብ ማድረግ ብቻ ነው" አልኩ።

አቶ ገብረየስ ወደ እኔ ዞሩ።

"እኔ ትራም ከመጠገኔ በፊት አዲስ አበባ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ" አሉ። "ያው በዚያ በክፉ ጊዜ። ጠዋት ጠዋት ሽጉጥ በመዝገብ አስፈርሜ አድላለሁ፣ ማታ እረከባለሁ። አንዱንም ሳልቆልፍ ሰጥቼ አላውቅም። አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ መንገድ ላይ አንድ ልጅ አስቆመኝ። አላወቀኝም። ምን እንደመሰልኩት እንጃ፣ ሽጉጡን ደረቴ ላይ ደግኖ ቃታውን ሳበ።"

ወይዘሮ ዘነበች ታሪኩን ስንቴ እንደሰሙት እንጃ፣ ያኔም ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"እምቢ አለችው። ጠዋት እኔው እንደቆለፍኳት ነበረች። በአውራ ጣቱ መቆለፊያዋን ሲፈልግ ጓደኛው ደረሰና 'ተወው! የግምጃ ቤቱ ሰውዬ እኮ ነው!' አለው። ሁለት ሰከንድ ቢሆን ነው። ያኔ አላገባሁም፣ አልወለድኩም። እኔ ይኸው እስከ ዛሬ የምኖረው በዚያች ሁለት ሰከንድ ነው።"

ከዚያ ወደ እኔ ዘንበል አሉና "እርስዎ አሁን ጊዜ ማባከን ያሏት እሷን ነው" አሉኝ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ከጓዳው በር ኋላ አንድ ሰው ሲያለቅስ ሰማሁ፤ ሜላት ነበረች። እዚያ ቆማ ስትሰማ ኖሯል። ያ ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ያስለቀሳት እኔ ነኝ፣ ሌላ ማንም አይደለም።

ወይዘሮ ዘነበች ወደ መስኮቱ ሄዱ። ወደ ታች ወደ ትራም ፌርማታው እያዩ "እሺ ተባለም አልተባለም፣ ያ የሰው ልጅ በብርድ ሊያልቅ ነው። ይግባና ሻይ ይጠጣ" አሉ። ደንቡ አይፈቅድም ልል አፌን ስከፍት ጋሽ ታፈሰ እግሬን ረገጠኝ።

ዮናስ ገባ፤ አፍንጫው ቲማቲም መስሏል። ምን እንደተባለ አያውቅም። የሁላችንንም ፊት አይቶ የሆነ ነገር እንደተበላሸ ግን ገባው። ወይዘሮ ዘነበች ሻይ በብርጭቆ ሰጡት። በቀኝ እጁ ተቀበለ።

አመልካች ጣቱ ከብርጭቆው ጎን ቀጥ ብሎ ተዘረጋ።

አቶ ገብረየስ ብርጭቆውን እንጂ ልጁን አላዩትም። ጎንበስ ብለው አዩ፣ መነጽራቸውን አድርገው ደግሞ አዩ።

"ማን ነው ያስተማረህ?" አሉት።

"ምኑን?"

"ጣትህን።"

ዮናስ ጣቱን የሌላ ሰው ጣት ይመስል አየውና አፈረ። "ኦ... ማዳም ናት፣ የክለብ። መጀመሪያ ዓመት በማስመሪያ ትመታኝ ነበር። ጣት ቃታ ላይ አይሄድም። ውጭ። መጀመሪያ አያለሁ፣ ከዛ አስባለሁ። እስክወስን ሁልጊዜ ውጭ። አሁን ሁሉም ቦታ እንደዚህ ነው የምይዘው፣ መፍቻም፣ ጃንጥላም። ይቅርታ።"

እኔ ያን ሁሉ ሰዓት ክለቡ ውስጥ ቆሜ ማስመሪያዋ ለምን እንደሆነች አልጠየቅኩም ነበር።

"ከዚያ ተነሥቶ ቃታው ጋ እስኪደርስ ስንት ሰከንድ ይፈጃል?" አሉ አቶ ገብረየስ።

ዮናስ እውነቱን ለመናገር ብሎ አሰበ። "አላውቅም። ትንሽ።"

አቶ ገብረየስ መነጽራቸውን አወለቁ። ዓይናቸው እርጥብ ነበር።

"ትንሽ ይበቃል" አሉ። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው "አሁን ቁጭ በሉ" አሉን።

ጋሽ ታፈሰ ከእኔ ቀድሞ ተቀመጠ። ወይዘሮ ዘነበች እልል አሉ። ጎረቤት ግድግዳ ደበደበ፤ ዙሪክ ውስጥ እሑድ ቀን ጩኸት ነውር ነዋ። ሜላት ከጓዳ ወጥታ መጀመሪያ የሳመችው አባቷን ነው። እኔን ስትስም ግን በጆሮዬ "ጋሼ፣ ሊገድሉኝ ነበር እኮ" አለችኝ።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ሆነ። አቶ ገብረየስ ከዚያ በፊት አንድ ቅዳሜ ጄኔቫ መጥተው ክለቡን ጎብኝተዋል። ሽጉጧን አንሥተው መዘኗት፣ "ቀላል ናት" አሉና መልሰው አስቀመጧት። አልተኮሱም። ከማዳም ጋር ግን የጋራ ቋንቋ ሳይኖራቸው ሁለት ሰዓት ተጫወቱ።

እኔ ከዚያ ወዲህ ለሽምግልና ስሄድ፣ አፌን ከመክፈቴ በፊት አመልካች ጣቴን ጉልበቴ ላይ ቀጥ አድርጌ አስቀምጣለሁ። ባለቤቴ ትስቅብኛለች፤ "ያንተ አፍ እኮ ከመጀመሪያውም መቆለፊያ አልተሠራለትም" ትለኛለች። እውነቷን ነው። ሽጉጥ ዛሬም አልወድም። ሰው ያቺን ፕላስቲክ ለምን እንደሚወዳት ግን አሁን ይገባኛል። የሚረሳ ነገር የላትም፤ ስለዚህ አለመርሳቱ ሁሉ የያዛት ሰው ፈንታ ነው።

ባለፈው ሳምንት ዮናስና ሜላት እቤታችን መጥተው ነበር። ሜላት ሻይዋን ስታነሣ አየኋት፤ ጣቷ ከብርጭቆው ጎን ቀጥ ብሏል። ከባሏ ተጋብቶባት ነው፣ እሷ አላወቀችም። የአባቷ ሁለት ሰከንድ ትዝ አለችኝ። ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ መልሼ ዘጋሁትና ስኳሩን አቀበልኳት።