ከኋላ ማየት

ዛሬ ክፍል ውስጥ «ሉክ አፍተር» የሚለውን የእንግሊዝኛ ግስ ሳስተምር፣ «ቃል በቃል ከኋላ ማየት ነው፤ ፍቺው ግን መንከባከብ» እንዳልሁ ከጣና በኩል የመርከብ ጡሩምባ ተነፋ። ልቤ እህቴ ዘይነባ ከሐይቁ ማዶ ደልጊ ወደተዳረችበት ቀን ሄደ።

እናታችን በልጅነቴ ስለሞተች ያሳደገችኝ፣ ማታ ማታም እግሬን አጥባ የምታስተኛኝ ዘይነባ ነበረች። መርከቡ ላይ ልትወጣ ስትል ታንኳ ሠሪውን አባታችንን፣ «አባባ፣ አደራ፣ ይችን ልጅ ይዩልኝ» አለቻቸው።

መርከቡ ርቆ ነጥብ ቢያክልም አባቴ ከውኃው ዳር አልተነቃነቁም። እኔ ከጎናቸው ቆሜ በንፋሱ እንቀጠቀጣለሁ።

«አባባ፣ እንሂድ፤ አሁንማ አትታይም» አልኋቸው።

«እኔ ዓይኔን ብመልስ ማን አላት?» አሉ፣ ወደ እኔ ሳይዞሩ።

ነገሩ አልገባኝም። «እኔስ?» ማለት ግን ፈራሁ። ያን ቀን እግሬን ራሴ ታጥቤ ተኛሁ።

አባቴ ከሞቱ ቆይተዋል፤ የምኖረውም ብቻዬን ነው። ከትምህርት ቤት ስወጣ ዘይነባ ጋ ደወልሁ።

«ምሳ በላሽ?» አለችኝ፣ ገና ሰላም ሳንባባል።

«አዎ» አልኋት። አልበላሁም ነበር።